ዓሣው የማን ነው?

በዚህ ሳምንት አንድ ጥያቄ ይዤ ቀርቤአለሁ። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ መጻሕፍት ያስጻፈ፣ ወንድማማቾችንም በየፍርድ ቤቱ ያቆመ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥቶ፣ በገዛ ታንኳው ባሕር ገብቶ፣ በገዛ መንጠቆው ሠላሳ ዓሣ ይዞ ቢመለስ፣ ዓሣው የማን ነው? «የያዘው ሰው ነዋ! ይህስ ምን ያጠያይቃል?» ይሉኝ ይሆናል። እኛ የለመድነውም መልስ ይኸው ነው። ዳሩ ግን በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የሚሰጡ፣ በዚያም መልስ ቤታቸውንና መንደራቸውን አቁመው የኖሩ ሰዎች አሉ። ዛሬ የማጫውትዎ ስለነዚሁ ሰዎች ነው።

አገራቸው ቶከላው ትባላለች። በካርታ ላይ ሊያገኟት ቢፈልጉ መጀመሪያ ሳሞአ የተባሉትን ደሴቶች ይፈልጉ፤ ከዚያም ጣትዎን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ያንሡ። ሦስት ነጠብጣቦች ታያላችሁ ብሎ ካርታው ቢያታልልዎ አይመኑት፤ ብዙ ጊዜ ነጠብጣብም ተነፍገው ስማቸው ብቻ ይጻፋል። ሦስቱ ደሴቶች አታፉ፣ ኑኩኖኑ እና ፋካኦፎ ናቸው። አንዱ ደሴት ላይ ቆሞ ሌላውን ማየት አይቻልም፤ አታፉ ከኑኩኖኑ ዘጠና ኪሎ ሜትር ያህል፣ ኑኩኖኑም ከፋካኦፎ ከስድሳ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የሦስቱ መሬት ተደምሮ ወደ 12 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ከፍተኛው ቦታቸው ከባሕር ወለል በላይ አምስት ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ደጃፋችን ያለው አንድ ጎልማሳ ባሕር ዛፍ ከአገራቸው ሁሉ ይረዝማል። ሕዝባቸው አንድ ሺሕ አምስት መቶ ያህል ነው። ይህች መሬቷ የጠበበ አገር የምታዝበት ባሕር ግን 319,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከሳሞአ ከተማ ከአፒያ የሚነሣው መርከብ ለመድረስ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ደርሶም ወደብ ስለሌለ ከውጭ ይቆማል፣ ሰውና ዕቃ በትንንሽ ጀልባ ይወርዳል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንባቢዬ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው፣ በዚያ አገር መሬቱ ራሱ የባሕር ፍጡር ሥራ መሆኑን ነው። ኮራል የሚባለው ፍጡር አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴ ቅንጣት አይበልጥም። ነገር ግን ከባሕሩ ውሃ ውስጥ ኖራ እየለየ ለራሱ የድንጋይ ቤት ይሠራል፤ ሲሞትም ልጆቹ በቤቱ ላይ ሌላ ቤት ይሠራሉ። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያሉ ደሴቶች ቀለበት የሚመስሉበትን ምክንያት አስረዳ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጀመሪያ ከባሕር ውስጥ የእሳተ ገሞራ ተራራ ይነሣል፤ ኮራሉ በተራራው እግር ዙሪያ ቅጥር ይሠራል፤ ተራራው ቀስ በቀስ ወደ ታች ሲሰጥም ኮራሉ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ያድጋል፤ በመጨረሻ ተራራው ጠፍቶ ቅጥሩ ብቻ ይቀራል፤ በመካከሉም ጸጥ ያለ ሐይቅ የመሰለ ባሕር ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1952 ኢነዌታክ በተባለ ሌላ የፓሲፊክ ደሴት መሬቱን ቢቆፍሩት ከ1200 ሜትር በላይ የኮራል ኖራ ካለፉ በኋላ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ተገኘና የዳርዊን ሐሳብ እውነት ሆነ። ነጩም አሸዋ ቢሆን አፉ እንደ በቀቀን ምንቃር የሆነ ዓሣ ኮራሉን እየነከሰ አድቅቆ ከሚያወጣው ብዙውን ያገኛል። እንግዲህ የቶከላው ሰው የሚተኛበት፣ የሚቀበርበትም መሬት የባሕር ጎረቤቶቹ ያበጁለት ነው።

እንዲህ ባለው መሬት ላይ ወንዝ የለም፣ ምንጭ የለም፣ የሚታረስ ጥቁር አፈርም የለም። የሚጠጣው ውሃ ከጣራ ላይ ተጠራቅሞ በገንዳ የሚቀመጥ የዝናብ ውሃ ነው። የኮኮናት ዘንባባ፣ ተጠብሶ እንደ ዳቦ የሚበላ የዛፍ ፍሬ፣ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ የሚተከል የጎደሬ ዘመድ የሆነ ሥር አለ፤ ከዚያ በቀር ማዕዱ የሚጠበቀው ከባሕር ነው። በጸጥተኛው ባሕር ውስጥ ግዙፍ ዛጎሎችና ልዩ ልዩ ዓሣዎች ይገኛሉ። ከቅጥሩ ውጭ ባለው ጥልቅ ባሕር ደግሞ ቱና፣ ሻርክና የባሕር ኤሊ አሉ። ሌሊት ሌሊት በጫካው ውስጥ የኮኮናት ሸርጣን የሚባለው ፍጡር ይዘዋወራል፤ ይህ ሸርጣን አራት ኪሎ ግራም ያህል ሊመዝን የሚችል፣ በመሬት ላይ ከሚኖሩት ዘመዶቹ ሁሉ ትልቁ ነው፤ የኮኮናትን ጠንካራ ልጥ ቀድዶ ፍሬውን የሚበላ ኃይለኛ ነው። የፋካኦፎ አሳማዎችማ ከሁሉ ያስቃሉ። ባሕሩ ሲሸሽ በድንጋዩ ቅጥር ላይ ወጥተው ውሃ ውስጥ እየተንቦጫረቁ የባሕር ትንንሽ ፍጡራን ለቅመው ይበላሉ፤ ባሕሩ ሲመለስ እነሱም ወደ መንደር ይመለሳሉ። አሳማ እንኳ በዚያ አገር ዓሣ አጥማጅ ነው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። በቶከላው ቤቱ የሴት ነው። ወንዱ ሲያገባ ወደ ሚስቱ ወገኖች ቤት ይሄዳል እንጂ ሚስቱን ወደ ራሱ ቤት አያመጣም። በእያንዳንዱ የዘመድ ወገን ውስጥ በዕድሜ የበለጠችው ሴት ፋቱፓኤፓኤ የሚል ማዕረግ አላት፤ ትርጉሙ የቤቱ የመሠረት ድንጋይ እንደማለት ነው። የወንዶቹ ድርሻ ዛፍ ላይ መውጣት፣ ባሕር መግባትና ያገኙትን ማምጣት ነው፤ የመጣውን ለዘመዱ ሁሉ ማከፋፈል ግን የርስዋ ሥልጣን ነው። ስለ መሬቱ አጠቃቀም የወንድ ልጆች ወገን ያዝዛል፤ ከመሬቱ የተገኘው ምግብ ሲመጣ የሴት ልጆች ወገን ያካፍላል። እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ወገኖች አንዱ ያለ አንዱ መብላት አይችሉም። ወንድምና እኅትም አካለ መጠን ካደረሱ በኋላ በመካከላቸው ትልቅ መከባበር አለ፤ ቧልትና ልቅ ጨዋታ በፊታቸው አይነገርም፤ ወንድም ካገባም በኋላ ለእኅቱ ቤት የሚገባውን ማድረሱ አይቀርም። አንድ ወጣት ዓሣ ይዞ ሲመጣ የሚስቱ ቤትና የእናቱ ቤት ሁለቱም ይጠብቁታል ማለት ነው። ይህን ያነበበ ባለትዳር ወዳጄ «እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ዓሣ አለመኖሩ ብቻ ነው» ብሎኛል።

ይህ ሁሉ ግን የዘመድ ነገር ነው። ትልቁ ነገር ኢናቲ የሚባለው የመንደር ድርሻ ነው። ለኛ ለማስረዳት ቅርጫን ማስታወስ ይበቃል። በበዓል ዋዜማ ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ሲጥል፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ሲከፈል፣ ከጉበቱም ከጨጓራውም ለሁሉ ሲዳረስ ያላየ አንባቢ የለኝም። ኢናቲ ይህን ይመስላል፤ ሆኖም በሁለት ነገር ይለያል። በቅርጫ ውስጥ ድርሻ የሚያገኘው ገንዘብ ያዋጣ ነው፤ በኢናቲ ግን ያላዋጣውም ያገኛል። ቅርጫ በዓል ጠብቆ ይመጣል፤ ኢናቲ ግን ባሕሩ በሰጠ ቁጥር ይደረጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመንደሩ ጀልባዎች በሽማግሎች ሸንጎ ትእዛዝ አብረው ሲወጡ፣ ወይም ብዙ የቱና መንጋ ተገኝቶ የተያዘው ሲበዛ፣ ዓሣው ሁሉ በባሕሩ ዳር በአንድ ቦታ ይከመራል። ቀድሞ የሚያጠምዱት በታንኳ ነበር፤ ከዛጎል የተሠራ የሚያብለጨልጭ መንጠቆ በረጅም ዘንግ ላይ አስረው በውሃው ፊት ሲጎትቱት ቱናው ትንሽ ዓሣ መስሎት ይይዘዋል። ታንኳውንም የሚያዝዘው ታውታይ የሚባለው፣ የባሕሩን ጠባይ፣ የወፎቹን አዋዋልና የጨረቃን ዕድሜ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሊቅ ነበር። ዛሬ ጀልባው አሉሚኒየም ሆኖ በሞተር ይሄዳል፤ ክምሩ ግን አልቀረም። አካፋዮቹ ዓሣውን ይቆጥራሉ፤ የመንደሩም ሰው ሁሉ በየድርሻው የተመደበ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ድርሻ በሰው ቁጥር ልክ ያስቀምጣሉ። ትናንት የተወለደው ሕፃን ይቆጠራል፤ አልጋ ላይ የዋለው ሽማግሌ ይቆጠራል፤ ባል የሞተባት፣ ወደ ባሕር የሚሄድ ልጅ የሌላት ሴት ትቆጠራለች። ከዚያም የየድርሻው ስም ሲጠራ ልጆች ከዘንባባ ቅጠል የተታታ ቅርጫታቸውን ይዘው እየሮጡ ይቀበላሉ። ዓሣውን የያዘው ሰውስ? እሱም ከቤቱ ሰዎች ጋር እንደ ሌላው ሰው ተቆጥሮ ድርሻውን ይወስዳል። ከዚህ በላይ የሚገባኝ ነበር ብሎ አይከራከርም።

በእርግጥ አንድ ሰው ለእራቱ የሚሆን ጥቂት ዓሣ ቢይዝ ሸንጎ አይቀመጥበትም፤ ወደ ቤቱ ይወስዳል፣ ለጎረቤቱም ያቀምሳል። አንዳንድ ፍጡራን ግን በማንም ቢያዙ የመንደር ናቸው። የባሕር ኤሊና አፉ እንደ ጦር የሾለው ትልቁ ዓሣ እንደ ቅዱስ ምግብ ስለሚቆጠሩ፣ የያዛቸው ሰው ለመንደሩ ያስረክባል እንጂ በጓሮው አያርድም።

ይህን ነገር ለተማሪዎቼ በክፍል ስነግራቸው ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ታዲያ ሰነፉስ? ተኝቶ ውሎ ቅርጫቱን ብቻ ቢልክስ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ አንባቢዬም በልብዎ ሳይጠይቁት አልቀሩም። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚያ መንደር ተኝቶ መዋል እንዲህ ቀላል አይደለም። ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ አውማጋ በሚባለው ማኅበር ውስጥ ነው፤ ሸንጎው ሲያዝዝ ለማጥመድም፣ ቤት ለመሥራትም፣ ከመርከብ ጭነት ለማውረድም ይወጣል። ቤት ከቤት በተጠጋጋበት፣ ሰው ሁሉ የሰውን ሁሉ ሳል በሚያውቅበት ትንሽ መሬት ላይ ሰነፍ የሚደበቅበት ጥግ የለም። ሁለተኛው መልስ ደግሞ የሆድ መልስ ነው። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን በሞቃት አገር ሠላሳ ዓሣ የያዘ ሰው ነገ ጧት ሃያ አምስት የሸተተ ዓሣ ይኖረው ነበር። ዓሣን ለከርሞ ማስቀመጥ የሚቻለው በጎረቤት ቤት ብቻ ነበር፤ ዛሬ የሰጠኸው ጎረቤት ነገ ባሕሩ ፊቱን ባዞረብህ ቀን ይሰጥሃልና። ስለዚህ ኢናቲን ደግነት ብቻ አድርገን አንየው፤ ብልኃትም ነው።

ይህ ብልኃት ሕዝቡን ከጥፋት እንዳዳነው ለማየት ታሪካቸውን መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1863 ከፔሩ የመጡ የባሪያ ፈንጋዮች መርከቦች ሦስቱን ደሴቶች ወርረው ወደ 250 የሚጠጋ ሰው አግዘው ወሰዱ፤ ከተወሰዱት ብዙዎቹ ለሥራና ለዓሣ ማጥመድ የሚበቁ ጎልማሶች ነበሩ። ይህ ቁጥር ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ነበር። አንባቢዬ ያስቡት፤ በባሕር ዳር ሴቶች፣ ልጆችና ሽማግሎች ብቻ ቆመው ሲቀሩ፣ የቀሩት ጥቂት አጥማጆች የያዙትን ለየቤታቸው ብቻ ቢወስዱ ኖሮ ዛሬ ቶከላው የሚባል ሕዝብ ባልኖረ ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1889 እንግሊዞች ከጥበቃቸው ሥር አደረጓቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1926 አስተዳደሩ ለኒው ዚላንድ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1966 ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ኮኮናቱንና ፍሬውን ሲያጠፋ የኒው ዚላንድ መንግሥት ቤተሰቦችን እያነሣ ወደ ራሱ አገር ማስፈር ጀመረ። ዛሬ በኒው ዚላንድ የሚኖሩት የቶከላው ተወላጆች ከስምንት ሺሕ በላይ ሲሆኑ፣ በደሴቶቹ ላይ ከቀሩት አምስት እጥፍ ያህል ናቸው።

አሁን የነገሩ ዋና ወደ ሆነው ደረስን፤ ይኸውም እርስዎንና እኔን ይነካል። ካለፈው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ በደሴቶቹ ላይ ደመወዝ የሚባል አዲስ ዓሣ ታየ። መምህር፣ ነርስ፣ ጸሐፊ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ ተቀጠሩ። የቱናው ክምር በባሕር ዳር ለሁሉ ዓይን ይታያል፤ ደመወዝ ግን በፖስታ ታሽጎ ለአንድ ሰው ይሰጣል። ቱናው እስከ ነገ ይበሰብሳል፤ ገንዘብ ግን ዓመት ቢቀመጥ አይሸትም። ዓሣ ሲቆጠር ሕፃኑም ሽማግሌውም ይቆጠራል፤ የደመወዝ መዝገብ ግን የሚያውቀው ፈራሚውን ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ መንደር ሁለት ዓይነት ሰው ተገኘ፤ አንዱ ለመንደር ሥራ ጧት ወጥቶ ያለ ዋጋ የሚደክም፣ ሌላው በዚያው ሰዓት ጥላ ሥር ተቀምጦ ለሚጽፈው ደብዳቤ የሚከፈለው። አጥማጁ ከያዘው ለጸሐፊው ያካፍላል፤ ጸሐፊውስ ከያዘው ለአጥማጁ ምን ያካፍላል? ይህ ጥያቄ በየሸንጎው ብዙ አከራከረ።

መንደሮቹም ሊፈቱት ሞከሩ እንጂ ዝም ብለው አላዩትም። ለመንደር ሥራ የሚወጡትን ሰዎች ከጋራ ገንዘብ መክፈል ጀመሩ፤ ሱቁም የመንደሩ የጋራ ሱቅ ሆነ። ከዚህም አልፈው የመንግሥታቸውን አሠራር እንደ ዓሣው አደረጉት ማለት ይቻላል። የአገሪቱ መሪነት በሦስቱ ደሴቶች መሪዎች መካከል በየዓመቱ በተራ ይዞራል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ የትምህርት ቤቱና የሐኪም ቤቱ ጉዳይ ሳይቀር በየደሴቱ ሸንጎ እጅ ነው። የውጭ አገር መርከቦች በሰፊው ባሕራቸው ቱና ለማጥመድ የሚከፍሉት የፈቃድ ገንዘብ ዋና ገቢያቸው ሆኗል፤ ይህም ወደ አንድ ሰው ኪስ ሳይሆን ወደ ጋራ ሣጥን ይገባል። ባሕሩን በመጠበቅም ቢሆን አልሰነፉም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ያ 319,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ባሕር ለሻርኮች መጠለያ እንዲሆን አወጁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በናፍጣ ይነድድ የነበረውን መብራታቸውን ወደ ፀሐይ ኃይል አዛወሩት። እንግዲህ በፀሐይ የሚሠራ ማቀዝቀዣ በየቤቱ ሲገባ ዓሣን ለጎረቤት ሳይሰጡ ማስቀመጥ ይቻላል ማለት ነው። የቀድሞው የሆድ መልስ ፈርሷል፤ ኢናቲ ከእንግዲህ የሚቆመው ሰዎቹ ስለፈለጉት ብቻ ነው።

ደሴቶቹን ገነት አድርጌ ሥዬልዎ እንዳልለይ ግን እፈራለሁና ሌላውን ገጽ ልግለጥ። ሁሉ በሚታይበት መንደር ውስጥ የግል ኑሮ ብርቅ ነው። ሸንጎው የሽማግሎች ነው፤ ቃሉም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በኑኩኖኑ የኮቪድን ክትባት አንወጋም ያሉ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች በሸንጎው ትእዛዝ ከግቢያቸው እንዳይወጡ ተደርገው ለብዙ ወራት ቆይተዋል። ሸንጎው ሐኪም ቤቱ ትንሽ፣ መርከቡም ሩቅ መሆኑን አስቦ ሕዝቡን መጠበቁ ነበር፤ ቤተሰቡም ስለ ገዛ አካሉ የመወሰን መብቱን መጠየቁ ነበር። ማንኛቸው ትክክል እንደ ሆኑ አንባቢዬ ይፍረዱ። እኔ የምለው፣ ዓሣውን የሚያካፍልህ እጅ በሩንም የሚዘጋብህ እጅ ሊሆን መቻሉን መርሳት አይገባም ነው። ወደ ኒው ዚላንድ ከሄዱት ወጣቶች ውስጥ ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ማንም ሳያያቸው በአንድ ጎዳና መሄድም የናፈቃቸው አይጠፉም።

የራስ ገዝነት ጥያቄም በመጣ ጊዜ ይህ ሁለት ልብነት ታየ። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ከኒው ዚላንድ ጋር በነጻ ስምምነት ተሳስረው ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ለማጽደቅ ከሦስት ሁለት እጅ ያስፈልግ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ከ692 ድምፅ 446ቱ ይሁን አለ፤ የጎደለው 16 ድምፅ ብቻ ነበር። ብዙ ቅርጫት የማይሞላ ሕዝብ የአገሩን ዕድል ወሰነ። አንዳንዱ በሌላ አገር ያለ ዘመዱን አሰበ፤ አንዳንዱ ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ ማን ይደርስልናል ብሎ ፈራ። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ሌላ ዐውሎ ነፋስ መንደሮቹን ጎድቷቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ዝናብ ቀርቶ ገንዳው ሲደርቅ የሚጠጣ ውሃ በመርከብ ተወስዶላቸዋል። አሁንም ባሕሩ እየሞቀና ከፍ እያለ ነው። ባሕሩ ሲሞቅ ኮራሉ ይነጣል፣ ይሞታልም፤ ኮራሉ ከሞተ ቅጥሩን የሚሠራው ግንበኛ ጠፋ ማለት ነው። አምስት ሜትር ከፍታ ላለው አገር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

እንግዲህ አንባቢዬ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት የሩቅ አገር ወግ ላሰማዎ ብቻ አይደለም። እኔም እንደርስዎ የወር ደመወዝተኛ ነኝ። ወር በገባ በሦስተኛው ቀን ካገር ቤት የሚመጣውን መልእክት አውቀዋለሁ፤ የእኅት ልጅ ደብተር ይፈልጋል፣ የአጎት በሬ ሞቷል፣ ያሳደገች አክስት ታማለች። ከፊላችን ያለንን ሁሉ ሰጥተን በወሩ አጋማሽ ከባለሱቅ እንበደራለን፤ ከፊላችን ደግሞ ደመወዛችንን አሳንሰን እንናገራለን፣ ዘመድም ይህን አውቆ አብዝቶ ይጠይቃል። እንዲህ እየተሸዋወድን ፍቅራችን ይቀዘቅዛል። «ዘመድ ባይኖር ኖሮ ሰው በሆንኩ!» የሚል ወጣት ብዙ ሰምቻለሁ። ያ ወጣት የተማረው በማን ጤፍና በማን በግ እንደ ሆነ ግን ቆም ብሎ አይቆጥርም።

የቶከላው ሰዎች ለዚህ ችግር ሙሉ መድኃኒት የላቸውም፤ እነሱም ገና በክርክር ላይ ናቸው። ነገር ግን ከክምሩ ዳር ሦስት ነገር መማር ይቻላል። አንደኛው፣ የሚካፈለው ነገር በግልጽ ይቀመጣል። ሁለተኛው፣ ሰው ሁሉ ይቆጠራል፤ የያዘውም ራሱ ይቆጠራል፤ ራሱን ረስቶ የሚሰጥ የለም፣ ራሱን ብቻ አስቦ የሚወስድም የለም። ሦስተኛው፣ የማካፈሉ ሥራ በጩኸትና በልመና ብዛት ሳይሆን ሁሉ በሚያከብረው ሰው እጅ ይደረጋል። በየዘመዳችን መካከል ቃልዋ የሚሰማ አንዲት እናት ወይም አንዲት ታላቅ እኅት አትጠፋም። ወንድምና እኅት ደመወዝተኞች በዓመት አንድ ቀን ተሰብስበን፣ ገቢያችንን ሳንሸሽግ ነግረን፣ የምንችለውን ወስነን፣ ለማን ምን እንደሚገባ እርስዋ እንድትናገር ብናደርግ ምን ይጎድልብናል? ሰጪው ልኩን ያውቃል፣ ተቀባዩም ቀኑን ያውቃል፤ ልመናም ሐሰትም ይቀንሳል።

ይህ በየቤቱ ይሠራል ብዬ አልምልም። አንዳንዱ ቤት ውስጥ የሚያካፍለው ሰው ራሱ ሆዳም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም ዘመድ ቢቆጠር አያልቅም። ቢሆንም የሚመጣው ወር ደመወዝዎን ሲቀበሉ፣ ፖስታውን ወደ ኪስዎ ከመክተትዎ በፊት ስንት ቅርጫት እንደሚጠብቅዎ ቁጠሩት፤ የራስዎንም ቅርጫት ጨምረው ቁጠሩት። ከዚያ በኋላ ዓሣው የማን እንደ ሆነ ቢጽፉልኝ ደብዳቤዎን በደስታ አነባለሁ።